የጋዜጣ ድንጋይ

ባለፈው ሰሞን ልጄ የምትማርበት የሲልቨር ስፕሪንግ ትምህርት ቤት ወላጆች መጥታችሁ አግዙን ብሎ ጠርቶን ሄጄ ነበር። የክፍሉን በር ከፍቼ ስገባ አንድ ሽታ ተቀበለኝ። ውኃ የጠጣ ጋዜጣ፣ የዱቄት ሙጫ፣ ርካሽ ግራጫ ቀለም። ልጆቹ እሳተ ገሞራ እየሠሩ ነው። ክፋት የለበትም። እኔ ግን መቆም አቅቶኝ ወደ ኮሪደሩ ተመልሼ ወጣሁ። አንዷ እናት ተከትላኝ መጥታ ምን ሆንሽ አለችኝ። "ሽታው ነው" አልኳት። እርጉዝ መስያት ነው መሰለኝ፣ ፈገግ ብላ ጀርባዬን ዳበሰችኝ።

እርጉዝ አይደለሁም። ተናድጄ ነው። በዚያ ሽታ የተናደድኩት አራተኛ ክፍል ሳለሁ ነው፤ ይኸው ልጅ ወልጄም አልበረደልኝም።

ያኔ የምንኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነበር፣ ፎቁ ሁሉ ሐበሻ በሆነበት አንድ አፓርትመንት ውስጥ። አባቴ ደለስ ኤርፖርት መንገደኛን ከመኪና ማቆሚያው ወደ ተርሚናሉ የሚያመላልስ አውቶቡስ ይነዳል። እናቴ ሆቴል ትሠራለች። እኔና ታናሽ ወንድሜ ነስሩ በሪሞት ኮንትሮል እንጣላለን። በዚያ ዓመት፣ ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር፣ የአባቴ አባት አባባ ሰይድ ከወሎ መጡ።

አባባ ረጅም፣ ቀጭን፣ ነገር የማያልፉ ሰው ነበሩ። ሊፍት ውስጥ አይገቡም፤ "በቁሜ ሳጥን ውስጥ አልገባም" ብለው በደረጃ ይወጣሉ። ከአገር ይዘውት የመጡት ነገር ቢኖር ከዘራቸውና አንድ ቃል ነው። ነስሩና እኔ በሪሞቱ ስንጓተት ከሳሎኑ ጥግ "በሕግ አምላክ!" ይሉናል። መጀመሪያ ጊዜ ዝም ብለን መጓተታችንን ቀጠልን። አባቴ ከወጥ ቤት እየሮጠ መጣና ሁለታችንንም በጆሯችን ያዘን። "አባባ በሕግ አምላክ ካሉ፣ እጃችሁ ያለበት ይቆማል! አየር ላይም ከሆነ አየር ላይ!" አለን። እነሱ አገር ሰው በዚህ ቃል ሌባን ያቆማል፣ ጎራዴ የመዘዘን ያቆማል፣ ዳኛም ቢሆን ሲያዳላ ያቆመዋል ብሎ አስረዳን። ከዚያ በኋላ ቃሉን ስንሰማ እጃችን ባለበት ይደርቅ ነበር። ለእኛ ጨዋታ ሆነ። ለእሳቸው ጨዋታ አልነበረም።

የእኔ ሥራ ከትምህርት ቤት ስወጣ አባባን ወደ ቤት መመለስ ነበር። ውሏቸው የትምህርት ቤቱ አጥር አጠገብ ያለው የአውቶቡስ መቆሚያ አግዳሚ ላይ ነው። አውቶቡሱ መጥቶ ይቆማል፣ በሩን ይከፍታል፣ አባባ በከዘራቸው "እለፍ" ይሉታል። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሾፌሮቹ ተናደዱ፤ ኋላ ለመዷቸውና በሩን ሳይከፍቱ እጃቸውን እያውለበለቡ ማለፍ ጀመሩ። አባባም እንደ ባላገር መንገደኛ አጸፋውን ይመልሳሉ።

አንድ ቀን እዚያው አግዳሚ አጠገብ፣ ከአበባ መደቡ ዳር ሐብሐብ የሚያህል ድንጋይ አነሳሁና ማጅራቴ ላይ አድርጌ "አባባ፣ ጠንካራ አይደለሁም?" አልኳቸው። ፊታቸው ተለወጠ። በከዘራቸው ድንጋዩን ከላዬ ገፍተው ጣሉት።

"ሁለተኛ ድንጋይ ማጅራትሽ ላይ እንዳላይ!"

አለቀስኩ። አባባ ልጅ ሲያለቅስ ማየት አይችሉም ነበርና አጠገባቸው አስቀመጡኝና ስለ አባታቸው አወሩልኝ። አባታቸው እንድሪስ ይባላሉ። ጣልያን አገሩን ሲይዝ ከመንደራቸው ሰዎች ጋር ቆላ ወርደው በረሃ ገቡ። ጣልያን እነሱን ሲያጣ መንደሩን አቃጠለ፣ ከብቱን ነዳ፣ ከዚያም ሽማግሌ ላከ። ድንጋይ ተሸክሞ የገባ ምሕረት ያገኛል ተባለ። ድንጋይ መሸከም የአገሩ የይቅርታ ወግ ነው። ጣልያን ወጉን ተማረና ተጠቀመበት።

"አባቴም መጣ" አሉ አባባ። "በገበያ ቀን፣ በባዶ እግሩ፣ ይኼን የሚያህል ድንጋይ ማጅራቱ ላይ አድርጎ። እኔ የእናቴን ቀሚስ ይዤ አያለሁ። ገበያው ሁሉ ቆሞ ያያል።"

እዚህ ላይ የዐስር ሶላት ደረሰና ተነሱ። የቀረውን እኔ ጨረስኩት። ልጅ ነኝ፣ የማውቀው ታሪክ ሁሉ ደህና ነው የሚያልቀው። ጣልያኑ "ይቅር ብዬሃለሁ" ብሎ ድንጋዩን አወረደላቸው፣ ተጨባበጡ፣ ገበያተኛው አጨበጨበ፣ እንድሪስ ወደ ቤታቸው ገቡ። ያን ሁሉ መንገድ ድንጋይ ተሸክሞ የመጣ ሰው መቼም ጀግና ነው ብዬ አሰብኩ። አባባ የተቆጡኝም ድንጋዩ የጀግና ብቻ ስለሆነ መሰለኝ።

በቨርጂኒያ አራተኛ ክፍል የስቴቱ ታሪክ ነው። መጽሐፋችን ውስጥ እንግሊዞቹ "ሰፋሪዎች" ናቸው። ከእነሱ በፊት አገሩን የያዙት ኢንዲያኖቹ "ነገድ" ናቸው። እንግሊዞቹ ሲገድሉ ጦርነት ይባላል፤ ኢንዲያኖቹ ሲገድሉ ጭፍጨፋ። ማሳቸውን፣ ወንዛቸውን፣ አደናቸውን ሲነጠቁ "ግጭት ተፈጠረ" ይላል፤ ማን እንደፈጠረው አይናገርም። ይኼን ሁሉ ያየሁት ኋላ ነው። ያኔ በደማቅ ቀለም እየሰመርኩ አጠናሁት፣ ተፈተንኩ፣ ደፈንኩ።

ለወላጆች የሚቀርብ ድራማ ሊኖር ነው ተባለ። አስተማሪያችን ድምፅዋ ለስላሳ፣ ልጅ ስታናግር በርከክ የምትል ሴት ነበረች። ክፉ ብትሆን ይሻለኝ ነበር። የኢንዲያኖቹን አለቃ ማን ይሁን ብላ ክፍሉን ቃኘችና ሹሩባዬ ላይ ቆመች። "ሙና! አንቺ ቁርጥ ኢንዲያን ነሽ!" አለች። የወሎዬ ልጅ፣ እናቴ ከአገር በኒዶ ጣሳ በሚመጣ ቅቤ ያሳደገችኝ!

ካሌብ የሚባል ልጅ እጁን አወጣ። ጠይም፣ ፀጉሩ ከርዳዳ፣ አፉን በስንት ጊዜ አንዴ የሚከፍት ልጅ ነው። "እኔ ኢንዲያን ነኝ" አለ። ክፍሉ ሳቀ። አስተማሪያችን አልሳቀችም፣ በርከክ አለችለት። "የኔ ቆንጆ፣ እነዚያ ሰዎች እኮ አሁን የሉም። አንተ በጣም ጥሩ ዛፍ ይወጣሃል" አለችው።

ካሌብ ዛፍ ሆነ።

የድራማው መጨረሻ ከጦርነቱ በኋላ ነው። አለቃው አጋዘን ይዞ ለእንግሊዙ ገዢ ይገባል፣ ይንበረከካል፣ "ከዛሬ ጀምሮ አባታችን ነህ፣ እናመሰግናለን" ይላል። አስተማሪያችን ግን አጋዘኑ አልጣማትም። ከካርቶን የተሠራው አጋዘን ውሻ ነበር የሚመስለው። "አለቃው መገዛቱ ከኋላ ለተቀመጡትም እንዲታይ ምን እናድርግ?" አለች። እጄን አወጣሁ። "ድንጋይ ይሸከማል። ማጅራቱ ላይ። ቅድመ አያቴም እንዲህ አድርገዋል" አልኩ።

አስተማሪያችን እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። እንዴት ያለ ግሩም ሐሳብ ነው አለች። የእንግሊዝና የኢንዲያን ነገር ውስጥ የወሎ ድንጋይ ምን እንደሚሠራ የጠየቀ አልነበረም። ለእሷ የተሸነፈ ሁሉ አንድ ነው፤ የአንዱን ድንጋይ ከሌላው ማጅራት ላይ ቢያኖሩት ማን ያውቃል? ፊኛ ነፋን፣ ጋዜጣ ቀደድን፣ ሙጫ ነከርን፣ ግራጫ ቀለም ቀባን። እጄ ለሳምንት ያንን ሸተተ። እኔማ በደስታ ሰክሬ ነበር። እንድሪስን አሜሪካ መድረክ ላይ ላወጣቸው ነው!

አባቴ ሺፍቱን ለጓደኛው ሰጥቶ መጣ። አባባ ነጭ ጋቢያቸውን በአባቴ ካፖርት ላይ ደርበው፣ ኮፍያቸውን አድርገው፣ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጡ። ስለ ድራማው የነገርኳቸው "የጥንት ሰዎች ታሪክ ነው፣ እኔ አለቃ ነኝ" ብዬ ብቻ ነው። "አለቃ መሆንማ ያባትሽ ነው" ብለው ኮርተውብኛል።

ካፌቴሪያው ሞልቷል። ሰፋሪዎቹ መጡ፣ ተራቡ፣ ጸለዩ። ካሌብ እጁን እንደ ቅርንጫፍ ዘርግቶ ቆሟል። ጦርነቱ በከበሮ ድምፅ አለፈ። ከዚያ የእኔ ተራ ደረሰ። በባዶ እግሬ፣ ድንጋዩን ማጅራቴ ላይ አድርጌ፣ ከባድ እንዲመስል እየተንገዳገድኩ ገባሁ። ገዢው የጥጥ ፀጉር ያደረገ አንድ ነጭ ልጅ ነው፣ ወንበር ላይ ተቀምጧል። "ከዛሬ ጀምሮ አባታችን ነህ" ብዬ ጉልበቴን ማጠፍ ጀመርኩ።

"በሕግ አምላክ!"

አባባ ተነስተው ቆመዋል። ከዘራቸው ወደ ላይ ነው። "በሕግ አምላክ! አትውረጂ! በሕግ አምላክ ብያለሁ!"

በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ቃሉ ያቆመው እኔን ብቻ ነው። ጉልበቴ ወለሉን ሳይነካ እንደታጠፈ ቀረ። ሌላው ሁሉ ተንቀሳቀሰ። አንድ አባት ልጆቹን ወደ ኋላው ሳባቸው። አንዲት ሴት "ምንድን ነው የሚጮኸው? በምን ቋንቋ ነው?" እያለች ቦርሳዋን አነሳች። ጢምና ኮፍያ ያለው ሽማግሌ በማይታወቅ ቋንቋ ሲጮህ ሰው ምን እንደሚያስብ በዚያ የሽብር ፍርሃት ዘመን መንገር አያስፈልግም ነበር። ቃሉን ቢያውቁት ኖሮ! ሕግ አለ፣ የምትሠራው ልክ አይደለም፣ ቁም የሚል፣ ከጩኸት ሁሉ የጨዋ ጩኸት ነው። የትምህርት ቤቱ ጥበቃ መጥቶ የአባባን ክንድ ያዘ። ሌላው ከዘራቸውን ነጠቃቸው። አባቴ አንገቱን ደፍቶ "ሶሪ፣ ሶሪ" እያለ ከኋላቸው ወጣ። አስተማሪያችን ከመጋረጃው ጀርባ "ሙና፣ ተንበርከኪ፣ ቀጥዪ" ትለኝ ነበር። ድንጋዩን ጥዬ በጎን በር ወጣሁ።

መኪና ማቆሚያው ላይ ከዘራቸውን መልሰውላቸው ነበር። አባባ ተመርኩዘውት ቆመዋል። አንዲት ወፍራም፣ ጠይም፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ ያስያዘች አሮጊት ካሌብን በእጇ ይዛ ወደ እኛ መጣች። ካሌብ ቅጠሉን አላወለቀም። ሚስ ሩት ትባላለች፣ የካሌብ አያት ናት።

"አያትሽ ምንድን ነው ያሉት?" አለችኝ።

አቁሙ፣ ሕግ አለ ነው ያሉት አልኳት። አንገቷን ነቀነቀች።

"የሉም የተባሉት እኛ ነን በያቸው" አለች። "ወንዝ ዳር፣ አያቶቻችን የተዋጉበት መሬት ላይ፣ የተረፈችን ቁራሽ ላይ አሁንም አለን። ካሌብ የነገረኝ ያ የድራማችሁ አጋዘን ደግሞ ምስጋና አይደለም። ሰላም ስናደርግ ውል ገባን። የወንድሞቼ ልጆች ዛሬም በየዓመቱ፣ ከምስጋናው በዓል፣ ከታንክስጊቪንግ በፊት፣ አጋዘን አድነው ሪችመንድ ገዢው ደጃፍ ያኖራሉ። እኛ ውሉን አላፈረስንም ለማለት ነው። መሬታችሁን አንነካም ያሉት ግን እነሱ ነበሩ። በአያቴ ዘመን ደግሞ ኢንዲያን የሚባል የለም፣ ጥቁር ብላችሁ ተመዝገቡ አሏቸው። ይኸው ዛሬ ልጁን አትመስልም ብለው ዛፍ አደረጉት።"

እየተደናቀፍኩ ተረጎምኩ። አባባ ሰምተው ከዘራቸውን መሬቱ ላይ መቱ።

"አገሩንም ወስደው፣ ግብሩንም እየበሉ፣ አመሰገኑን ይላሉ? በሬ ከአራጁ ይውላል ማለት ይኼ ነው!" አሉ። ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ። "ባለ ውል ናችሁ በያት። ውሉን የያዘ ሰው አልጠፋም በያት።" እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉላት። አባባ ለሰው ጎንበስ ሲሉ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

በማግስቱ ለአባቴ ከትምህርት ቤቱ ደወሉለት። ቅዳሜ ነበር፣ ምሳ እየበላን። ስልኩን ሲዘጋ ፊቱ ዐመድ ሆኗል።

"ኮል አደረጉኝ" አለ። "አባባ መጥተው አፖሎጃይዝ ካላደረጉ ትምህርት ቤቱ ግቢ ድርሽ እንዳይሉ። ድራማው በሚቀጥለው ሳምንት ለተማሪው ሁሉ ይደገማል። ሙና አለቃ ሆና ከቀጠለች ነገሩን ይተዉታል።"

አባባ ጉርሻቸውን ዋጡ። "ማንን ነው ይቅርታ የምጠይቀው?"

"አባባ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ! ሶሪ ማለት ምን አላት? እኛ እንደሆን እንኳን ዘንቦብን እንዲያውም ጤዛ ነን። ስማችንን አይተው ነው የሚፈሩን። የመኖሪያ ወረቀትዎ ገና ነው፣ የእኔ ሥራ ኤርፖርት ነው፤ አንድ ሰው አንድ ነገር ቢያወራ..."

"ያሲን" አሉት አባባ አባቴን። "ለዚች ልጅ አንድ ታሪክ ጀምሬላት አልጨረስኩላትም። ዐስር ሶላት ደረሰና ተነሳሁ። ቅጣቱ ነው መሰለኝ እንደዚያ ሆኖ የመጣው።"

ወደ እኔ ዞሩ።

"አባቴ ድንጋዩን ተሸክሞ ገበያው መሐል ቆመ። የጣልያኑ ሹም ካሜራ አስመጣ። ቁም አሉት፣ ቆመ። ፎቶ አነሱት። ዙር አሉት፣ ዞረ። ፀሐይ ነው፣ ድንጋዩ ቆዳውን ልጦታል። በአስተርጓሚው 'ላውርደው ወይ?' ብሎ ጠየቀ። 'ገና ነው' አሉት። ደግሞ ጠየቀ፣ 'ገና ነው'። ሹሙ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይስቃል። ሲበቃው፣ ድንጋዩ እላዩ ላይ እንዳለ በጥይት መቱት። ምሕረት ብለው የጠሩትን ሰው! እናቴ ሬሳውን ስታነሳ መጀመሪያ ያነሳችው ድንጋዩን ነው።"

አባቴ እጁን ከሳህኑ ላይ አነሳ። ይኼን ሳይሰማው አልቀረም፤ ግን ያን ቀን እንደ አዲስ ነው የሰማው። እኔ ደግሞ በዱቄት ሙጫ የሸተተ እጄን አየሁና ከገበታው ሥር ደበቅኩት።

"ሶሪ የሚሉኝ ከሆነ ይምጡ" አሉ አባባ። "እኔ ድንጋይ ተሸክሜ አልገባም። እሷም አትገባም።"

"ሙና ካልሠራች ደግሞ ችግር ይሆናል" አለ አባቴ በቀስታ።

አባባ ዝም አሉ። ፈርተው አይደለም። አባቴ ልጃቸው ነው፣ ዕንጀራው ኤርፖርት ነው፣ ያን ያውቃሉ። ያ ዝምታ ነው ከጩኸታቸው ይልቅ የቆረጠኝ። ዐዋቂዎች አንዳቸው ሌላቸውን ሲማጸኑ ሳይ ነገሩ እኔ ላይ እንደወደቀ ገባኝ። ልንበረከክ ነው ወይስ አልንበረከክም?

የድራማው ቀን አባባ ግቢው ተከልክለዋልና አግዳሚያቸው ላይ ተቀመጡ። አግዳሚው የከተማው ነው፣ ማንም አይከለክላቸውም። በመስኮት አየኋቸው፣ አንዱን አውቶቡስ በከዘራቸው እያሳለፉ።

ሰፋሪዎቹ መጡ፣ ተራቡ፣ ጸለዩ። እኔ ድንጋዬን ይዤ ገባሁ። የጥጥ ፀጉሩ ልጅ ወንበሩ ላይ ነው። ተማሪው ሁሉ ወለል ላይ ተቀምጦ ያየኛል፤ አባባ ገበያው ሁሉ ቆሞ ያያል እንዳሉት ነው። "አባታችን ነህ" አላልኩም። ጉልበቴንም አላጠፍኩም። ድንጋዩን ከማጅራቴ አወረድኩና በብብቴ ይዤው ቆምኩ።

"ተንበርከኪ" ትላለች አስተማሪያችን ከመጋረጃው ጀርባ። "ሙና፣ የኔ ቆንጆ፣ ተንበርከኪ።"

ዞሬ ወደ ጎን በሩ ሄድኩ። ከኋላዬ የካርቶን ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። ዛፉ ተከትሎኛል። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ፤ እኔና ካሌብ ግን አልሳቅንም። በሩን ገፍተን፣ ሣሩን አቋርጠን፣ በአጥሩ በር ወጥተን አግዳሚው ጋ ደረስን።

አባባ እኔን አዩ፣ ዛፉን አዩ፣ በብብቴ ያለውን አዩ። ድንጋዩን ሰጠኋቸው። ከባድ ነው ብለው በሁለት እጃቸው ሊቀበሉ ሲሉ ወደ ላይ ሊያመልጣቸው ምንም አልቀረው። በጣታቸው አንኳኩት። ባዶ ነው።

"ወረቀት ነው?"

"አዎ፣ አባባ። ጋዜጣ ነው።"

ለረጅም ጊዜ አገላብጠው አዩት። "አቅልለው ነው የሚያስተምሯችሁ" አሉ። ድምፃቸው ውስጥ የነበረውን ንዴት አሁንም እሰማዋለሁ።

አስተማሪያችን እያለከለከች መጣች። ፊቷ ቀልቷል። ምን ሆናችሁ ነው፣ ሁሉንም ነገር አበላሻችሁት፣ ተማሪው ሁሉ እየጠበቀ ነው እያለች በርከክ አለችልኝ። አባባ ቀስ ብለው ተነሱ። የጋዜጣውን ድንጋይ አግዳሚው ላይ አስቀመጡ። ከአበባ መደቡ ዳር ያን ቀን ከማጅራቴ የጣሉትን እውነተኛውን ድንጋይ በሁለት እጃቸው አነሱና ወደ እሷ ዘረጉት። ሽማግሌ ሲዘረጋላት ሳታስበው ተነስታ ተቀበለች። ክብደቱ ወደ ፊት ጎተታት።

"ታሪክ ልነግራት ነው፣ ያዢ በያት" አሉኝ።

ነገርኳት። አባባ ከቆላው ጀመሩ፣ ከተቃጠለው መንደር፣ ከተላኩት ሽማግሌዎች። ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ተረጎምኩ። ካሌብ ቅጠሉን ሳያወልቅ ይሰማል። አውቶቡስ መጣ፣ ማንም አላሳለፈውም፣ በሩን ከፍቶ ጠበቀና ሄደ። የአስተማሪያችን ክንድ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ላብ ግንባሯ ላይ ወጣ። ወደ እኔ ዞር አለችና በለስላሳ ድምፅዋ አሁን ላስቀምጠው እችላለሁ ወይ አለችኝ።

ተረጎምኩላቸው።

አባባ ቀና ብለው አዩዋት።

"ገና ነው በያት" አሉ። "ገበያው ጋ አልደረስንም።"